ሙት ሚስት አለውን?

ሰዱቃውያን ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ቀርበው ያነሡትን ጥያቄ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሰባት ወንድማማች ነበሩ፤ ታላቁ ሚስት አግብቶ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ሁለተኛው በሙሴ ሕግ መሠረት የወንድሙን መበለት ወሰዳት፤ እርሱም ሳይወልድ ሞተ፤ ነገሩ በዚህ ዐይነት እስከ ሰባተኛው ደረሰ፤ በመጨረሻም ሴቲቱ ራሷ ሞተች። እንግዲህ በትንሣኤ ቀን የማንኛቸው ሚስት ልትሆን ነው? ጠያቂዎቹ ትንሣኤ ሙታን የለም ባዮች ስለ ነበሩ፣ ጥያቄውን ያመጡት መልስ ፈልገው ሳይሆን የትንሣኤን እምነት በሕዝብ ፊት መሣቂያ ለማድረግ ነበር።

እኛም ብንሆን ይህን ታሪክ ስንሰማ እንደ እንቆቅልሽ ቆጥረን እናልፈዋለን። ባል በባል ላይ እየሞተባት ሰባት የደረሰችውን ሴት የምናውቃት በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሷም የራጉኤል ልጅ ሣራ ናት። ነገር ግን የሰዱቃውያን ጥያቄ ጨዋታ ያልሆነባቸው፣ የዕለት ኑሮ ጉዳይ የሆነባቸው ሰዎች በአገራችን ውስጥ ይኖራሉ። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ፣ ኩሌ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ አንዲት መበለት የማን ሚስት ናት ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንጀራዋንም፣ የልጆቿን ስምም፣ የሟች ባሏንም ዕረፍት ይነካል።

ኩሌ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የተነሣው ጦርነት ወደ ላይኛው ናይል አገር ሲዛመት፣ ብዙ ሕዝብ በፓጋክና በሌሎችም በሮች ወደ ጋምቤላ ገባ። በኩሌ የሰፈሩት ከ40 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ የሚበዙት ኑዌር ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ወንዶቹስ የት አሉ ቢባል ከፊሉ በጦር ሜዳ ቀርቷል፤ ከፊሉ ከብቱን ተከትሎ ሄዷል፤ ከፊሉም ወዴት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ የመበለት ነገር በኩሌ የአንድ ቤት ኀዘን አይደለም፤ የሰፈር ጉዳይ ነው።

ደግሞም ኑዌሮች ለጋምቤላ እንግዶች አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ኑዌር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከክልሉም ሕዝብ ከመቶ 70 የሚሆነው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነኝ ብሏል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ሳይሆን፣ ወንጌልን ተቀብለው የአባቶቻቸውንም ሥርዐት በልባቸው ስለ ያዙ የቅርብ ጎረቤቶቻችን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በሙት ስም የሚቆም ቤት

የኑዌርን የጋብቻ ሥርዐት በመጽሐፍ ካሰፈሩት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚጠራው እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1936 ድረስ በየጊዜው ወደ ኑዌር አገር እየተመላለሰ ተቀመጠ፤ ኋላም በጦርነቱ ዘመን፣ በ1940፣ በአኮቦ ወንዝ አካባቢ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተዋግቷል። መጽሐፍ ጽፎ ጠመንጃም የተሸከመ ሊቅ ብዙ አይገኝም። በ1951 ስለ ኑዌር ዝምድናና ጋብቻ ያሳተመው መጽሐፍ የዛሬ ተማሪም ሊያነበው የሚገባ ነው።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። በኑዌር ዘንድ ጋብቻ የሚጸናው በከብት ነው። የወንዱ ወገን ለሴቲቱ ወገን ከብት ይሰጣል፤ በኢቫንስ ፕሪቻርድ ዘመን ለአንዲት ሙሽራ ይገባል ይባል የነበረው ቁጥር ወደ 40 ይደርስ ነበር፤ ድርቅና የከብት በሽታ ሲመጣ ግን ቁጥሩ ይቀንሳል። ከብቱ በማን ስም ተሰጠ? ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሴቲቱ የምትወልዳቸው ልጆች ሁሉ ከብቱ የተሰጠበት ሰው ልጆች ይሆናሉና። ከማን ጋር ተኝታ ፀነሰች የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። ለወላጅነት ዘር ያስፈልጋል፤ ለአባትነት ግን ከብት።

ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ተራ በተራ ይገለጣል። ባል ቢሞት ጋብቻው አይፈርስም፤ ከብቱ አልተመለሰምና። መበለቲቱ ከሟች ወንድም ጋር ትኖራለች፤ የምትወልደው ልጅ ግን በሟቹ ስም ይጠራል። ከወንድሙ ጋር መኖርን ባትወድ ሌላ ወዳጅ ልትይዝ ትችላለች፤ ልጁ አሁንም የሟቹ ነው። የሌላ ሰው ሕጋዊ ሚስት ለመሆን ግን የመጀመሪያው ከብት መመለስ አለበት፤ ልጆች ከተወለዱ በኋላ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሴቲቱ ለመኝታዋ ምርጫ አላት፤ ለልጇ አባት ስም ግን ምርጫ የላትም።

ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ ሌላው ነው። አንድ ጎልማሳ ሚስት ሳያገባ፣ ወይም አግብቶ ወንድ ልጅ ሳይተካ ቢሞት፣ ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ ከብት ሰብስቦ በሟቹ ስም ሙሽራ ያጫል። ሰርጉ ይደገሳል፤ ከብቱ ይነዳል፤ ሙሽራው ግን ከተቀበረ ቆይቷል። ከሴቲቱ ጋር የሚኖረው ሕያው ሰው እንደ እንደራሴ ነው፤ ልጆቹንም እያሳደገ «አባታችሁ እገሌ ነው» ይላቸዋል። በነፍስ ግድያ የሚከፈለውም የደም ካሣ ለዚሁ ጉዳይ ይውላል፤ የተገዳይ ወገኖች በካሣው ከብት ለሟቹ ሚስት ያገቡለታል። እንዲያውም ለወንድሙ ሲል ያገባው ሰው ለራሱ ሳያገባ ቢሞት፣ ለእርሱም ደግሞ ሌላ ዘመድ ሊያገባለት ይገባል። ዕዳው እንዲህ እያለ ከሙት ወደ ሙት ይተላለፋል።

ይህን የሰማ የደጋ ሰው «ይህ ምን ዐይነት ነገር ነው» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ምክንያቱን መስማት ያስፈልጋል። ኑዌሮች ከሞት በኋላ ስላለው ዓለም ብዙ አይናገሩም። ሥጋ ወደ መሬት ይመለሳል፤ እስትንፋስ ኩኦት ብለው ወደሚጠሩት ወደ አምላክ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሙታን እንዴት እንደሚኖሩ የሚተርክ ሰፊ ትምህርት የላቸውም። ሰው ከሞት የሚተርፈው በስሙ ነው፤ ስሙም የሚተርፈው በልጁ አፍ ነው። ልጅ ሳይኖረው የሞተና የተዘነጋ ሰው ግን ይቆጣል፤ ቁጣውም በዘመዶቹና በከብቶቻቸው ላይ በሽታ ሆኖ ይመጣል ተብሎ ይፈራል። እንግዲህ በሙት ስም ማግባት ለእነርሱ ፍቅርም ፍርሃትም ያለበት ግዴታ ነው። የደጋው ሰው ለአባቱ ተዝካር የሚያወጣበት ስሜት ከዚህ በጣም የራቀ አይመስለንም።

የመዝገብ ሹሙ ሦስት መቶ ቀኖች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጽ ይዞ የሚውል ወጣት አንባቢያችን እስቲ ራሱን በመዝገብ ሹም ወንበር ላይ ያስቀምጥ። ኢትዮጵያ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ስደተኞችም በዚሁ መዝገብ እንዲገቡ ተደረገ። አንዲት እናት የአንድ ወር ሕፃን ታቅፋ ቀረበች እንበል። የአባት ስም ሲባል የባሏን ስም ትናገራለች። አባትየው የት ነው ሲባል በ2006 ዓ.ም. ሞቷል ትላለች። ሹሙ ብዕሩን ያስቀምጣል። እናትየዋ ግን አልዋሸችም፤ በአገሯ ሕግ እውነቱን ተናግራለች።

በእኛ ሕግ ይህ አይሆንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በአንደኛው ወገን ሞት ይፈርሳል ይላሉ። ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀኖች ውስጥ የተወለደ ልጅ የሟቹ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ከዚያ በኋላ የሚወለደውን ግን ሕጉ በሟቹ ስም አይገምትለትም። እንግዲህ ለሕጉ የሙት አባትነት ሦስት መቶ ቀን ነው፤ ለኑዌር ሽማግሌ ግን መጨረሻ የለውም። በሁለቱ መካከል ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ እርሷ ደግሞ የምትቆጥረው በቀን ሳይሆን በዘለዓለም ነው።

ዋርሳ በመጽሐፍ

ወንጌል ይዘው ወደዚህ አካባቢ የመጡት ሚስዮናውያን ያመጡት መጽሐፍ ከኑዌር ሥርዐት ጋር የተቀራረበ ታሪክ የሞላበት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። አሜሪካውያን ፕሪስቢቴርያን ከባሮ በታች በሶባት ወንዝ ላይ በናስር ጣቢያ አቁመው ነበር፤ ከዚያም ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ በ1919 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ አልፎ ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ ወጣ። በዚህ መንገድ የተተከለው ሥራ ቤቴል ተብሎ አደገ፤ ቆይቶም ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ። የጋምቤላ ብዙ ምእመናን የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው።

እንግዲህ ያ መጽሐፍ በኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ፣ ወንድም ያለ ልጅ ቢሞት ወንድሙ መበለቲቱን አግብቶ የሟቹን ስም ያስነሣ ዘንድ ያዝዛል፤ እንቢ ያለውም በሽማግሌዎች ፊት ጫማው ከእግሩ ተፈትቶ ይዋረዳል። ለዚህ ሰው አማርኛችን የራሱ ቃል አለው፤ ዋርሳ እንለዋለን። ዛሬ የባል ወንድም ለማለት ብቻ የምንጠቀምበት ቃል ውርስን በጆሮ ማስታወሱ አይቀርም፤ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎችም የወንድም ሚስት መውረስ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል።

ኑዌር ሽማግሌ የትዕማርንና የሩትን ታሪክ ሲሰማ እንደ እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አውናን ለወንድሙ ዘር ላለማቆም ዘሩን በምድር ባፈሰሰ ጊዜ ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ የወንድሙን ስም ሰረቀ። ቦዔዝም ሩትን ያገባት የሟቹ የመሐሎን ስም ከርስቱ እንዳይጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለአንባቢ እናሳይ። ስም ይቁምለት የተባለው መሐሎን በትውልድ ቍጥር ውስጥ የለም! በመጽሐፈ ሩት መጨረሻም ሆነ በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ኢዮቤድ የቦዔዝ ልጅ ተብሎ ነው የተጻፈው። የትዕማርም ልጅ ፋሬስ የሟቹ የዔር ሳይሆን የይሁዳ ልጅ ሆኖ ተቈጠረ። ሕጉ የሙቱን ስም አቁሙ እያለ መዝገቡ የወላጁን ስም ጻፈ። በኩሌ ወንበር ላይ ያስቀመጥነው ሹም ይህን ቢያይ ሳይጽናና አይቀርም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ሲለው ሉቃስ ኤሊ ይለዋል። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዩልዮስ አፍሪቃኖስ ይህን ሲፈታ፣ ያዕቆብና ኤሊ ከአንዲት እናት የተወለዱ ወንድማማች እንደ ነበሩ፣ ኤሊ ያለ ልጅ ስለ ሞተ ያዕቆብ መበለቲቱን ወስዶ ዮሴፍን እንደ ወለደ ይናገራል፤ ቃሉንም አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በታሪክ መጽሐፉ አቆይቶልናል። በዚህ አፈታት ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። የእመቤታችን ጠባቂ፣ ያ ጻድቅ ሽማግሌ፣ በሙት ስም የተወለደ ልጅ ነበረ ማለት ነው።

መልሱና የመልሱ ምክንያት

ወደ ሰዱቃውያን እንመለስ። ጌታችን የመለሰላቸው በትንሣኤ ጊዜ ሰዎች አያገቡም፣ አይጋቡምም ብሎ ነው። ይህን ሦስቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል። ሉቃስ ግን በ20ኛው ምዕራፍ ሌሎቹ ያላነሡትን ምክንያት ጨምሯል፤ ይኸውም ከእንግዲህ ወዲህ ሊሞቱ አይችሉምና የሚል ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ሞት ከሌለ ተተኪ አያስፈልግም፤ ተተኪ ካላስፈለገ ስም ለማቆም ተብሎ የሚፈጸም ጋብቻ ሥራው አብቅቷል።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን በግልጥ አስተምሯል። ሰው ሟች ከሆነ በኋላ ልጅ መውለድ ታላቅ መጽናኛ ሆኖ ተሰጠው፤ ትንሣኤ ሲሰበክ ግን የዘር ምኞት እንደ ቀድሞው ሊያስጨንቀን አይገባም ይላል። አንባቢ ሆይ፣ የኑዌር ሽማግሌና የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ በአንድ ነገር እንደሚስማሙ ልብ በል፤ ሁለቱም ልጅ የሞት መድኃኒት ነው ይላሉ። የሚለያዩት ሌላ መድኃኒት ተገኝቷል፣ አልተገኘም በሚለው ላይ ነው።

ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን አባቶች እዚህ ላይ ሁሉም በአንድ መንገድ አልሄዱም። የካርታጎው ተርቱልያን በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለሚስቱ በጻፈው መጽሐፍ፣ ብሞት ሌላ ባል አታግቢ ብሎ መከራት፤ በትንሣኤ ግን ጋብቻችን አይመለስም አላት። ኋላ ነገሩን አከረረና፣ መበለት ለባሏ ነፍስ ትጸልያለች፣ በሞተበትም ቀን በየዓመቱ መባ ታቀርባለች፤ እንግዲህ አሁንም ሚስቱ ናት እንጂ ምንድን ናት ብሎ ተከራከረ። ይህ ክርክር ከአፍሪካ ሰሜን ዳር የተነሣ መሆኑ አይዘንጋ። አፈ ወርቅም ቢሆን ባሏ ቴራስዮስ በሞተባት ወጣት መበለት ኀዘን ጊዜ በጻፈላት ደብዳቤ፣ መበለትነትሽን ብትጠብቂ ባልሽን ከቀድሞው በበለጠ ክብር ታገኚዋለሽ፤ ያን ጊዜ ግን አንድነታችሁ የሥጋ ሳይሆን የነፍስ ከነፍስ ይሆናል ብሎ አጽናናት። በሰማይ ጋብቻ የለም የምትል ቤተ ክርስቲያን ለሐዘንተኛይቱ ስትደርስ ባልሽ ይጠብቅሻል ማለቷን መተው አልቻለችም።

ስለ ወንድነትና ስለ ሴትነትም አሳባቸው ለየቅል ነበር። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የሰው ወንድና ሴት ሆኖ መከፈል ውድቀት እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለ ታወቀ የተጨመረ ነው፤ በትንሣኤ ሰው ወደ መላእክት ዐይነት ኑሮ ይመለሳል ብሎ ያስብ ነበር። አውግስጢኖስ ግን ሴትነት ተፈጥሮ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ሴት ሴት ሆና ትነሣለች፤ የሚቀረው ምኞቱ ብቻ ነው አለ። እኛ በዚህ ነገር ወደ አውግስጢኖስ እናደላለን።

በአገራችን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ይህ ትምህርት በኑሮ ይታያል። በድንግልና ለሚጋቡ ተክሊል ይደረጋል፤ ባል ወይም ሚስት ሞቶባቸው ዳግመኛ ለሚጋቡ ግን ጸሎቱ ጸሎተ መዓስባን ነው፤ የመጀመሪያው ዘውድ አይደገምም። በዕድሜ የገፋች መበለት ቆብ ደፍታ ትመነኩሳለች፤ ለሚመነኩስ ሰው ደግሞ በሕይወቱ ሳለ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞቷልና። ለሟቹም በ40ኛው ቀን ተዝካር ይወጣል፤ የክርስትና ስሙ በቅዳሴ ይጠራል። እንግዲህ በደጋው ሟች የሚፈልገው ጸሎት ነው፤ ስሙን የሚጠራለት ካህን ነው። በኑዌር ዘንድ ሟች የሚፈልገው ልጅ ነው፤ ስሙን የሚጠራለትም ያ ልጅ ነው። ስሜ አይጥፋ የሚለው ጩኸት ግን በሁለቱም ቤት አንድ ነው።

ሠለጠንኩ የሚለውም ዓለም ቢሆን ከዚህ ጩኸት አላመለጠም። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1959 የማልፓሴ ግድብ ፈርሶ በፍሬዡስ ከተማ ብዙ ሰው ባለቀ ጊዜ፣ እጮኛዎቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች በሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ፈቃድ ሟቹን ያገቡ ዘንድ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ከሟቹ ውርስ አያስገኝም። ሞርሞኖች የሚባሉት ደግሞ ባልና ሚስት ለዘለዓለም የሚተሳሰሩበትን ሥርዐት በቤተ መቅደሳቸው ይፈጽማሉ፤ ለሞቱትም ሰዎች ሕያዋን እንደራሴ ሆነው ይቆሙላቸዋል። ኑዌርን አይቶ የሚስቅ ፈረንጅ ቢኖር አስቀድሞ ወደ ቤቱ ይመልከት።

ከብቱን ማን ይመልስ?

አሁን ወደ ኩሌ ስንመለስ፣ እንዲህ ያለውን ትምህርት ይዞ በመበለት ቤት ደጃፍ የሚቆም ቄስ ወይም ወንጌላዊ ምን ሊል ይችላል? ቀላሉ መንገድ መከልከል ነው። ከዋርሳሽ ጋር አትኑሪ፤ ሞት ለይቷችኋል፤ ነጻ ነሽ። ሐዋርያው ጳውሎስም ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ታግባ ብሏል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ዋርሳው የሚያርሰው እርሻ፣ የሚሠራው ጎጆ፣ ለልጆቹም የሚቆምላቸው ዘመድነት አለ፤ ክልከላው እነዚህን አብሮ ይወስዳቸዋል። ማይክል ኪርወን የተባለው አሜሪካዊ ካቶሊክ ካህን በታንዛንያ በሉዎና በሌሎች ሕዝቦች መካከል ስለ መበለቶች አጥንቶ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዋርሳ የሟቹን ቤት ይጠብቃል እንጂ አዲስ ጋብቻ አይመሠርትም፤ ቤተ ክርስቲያንም በምዕራባውያን መለኪያ ብቻ መፍረድ የለባትም የሚል ክርክር አቅርቧል። ሉዎዎች በቋንቋ ከአኙዋ ጋር አንድ ወገን፣ ለኑዌርም ሩቅ ዘመድ ስለ ሆኑ ነገሩ ለጋምቤላ እንግዳ አይሆንም።

እኛ ከኪርወን ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ዋርሳው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሚስት አለው፤ የመበለቲቱም ፈቃድ በሚገባ ሲጠየቅ አይታይም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ይመሥረት ይላል፤ በሃይማኖትና በባህል ሕግ የሚፈጸመውንም ጋብቻ ሕግ በሚደነግገው መሠረት ያውቃል። ሁለቱን ቃላት አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ኪርወን አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ ጠባቂን የሚያነሣ ሰው በጠባቂው ቦታ ራሱ መቆም አለበት። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን ዲያቆናት የሾመችው የመበለቶች የዕለት ምግብ ስለ ተጓደለ ነበር። በጢሞቴዎስ መልእክትም የመበለቶች መዝገብ ነበር፤ ከ60 ዓመት በታች ያለች በዚያ አትመዘገብም፤ ወጣቶቹ ያግቡ ይላል።

ሌላው የሚቀረው ለሟቹ የሚነገረው ነው። ስለ መበለቲቱ ነጻነት ብቻ የሚሰብክ ሰባኪ ወንድሙ በሜዳ ለወደቀበት ጎልማሳ ምንም አልነገረም። ወንድሜ ልጅ አልተካም፤ ስሙን ማን ይጠራዋል ይላል ጎልማሳው። ለዚህ ሰው የሚሆነው ቃል ሰዱቃውያን ሳይሰሙት የሄዱት የመልሱ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እግዚአብሔር የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ተብሎ የሚጠራ ከሆነ እነርሱ በእርሱ ዘንድ ሕያዋን ናቸው። የሟቹን ስም የሚጠራው ኩኦት ራሱ ነው ማለት ነው። ይህ ከተነገረ፣ ከታመነም፣ አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላላየችው ሙት ሙሽራ የምትሆንበት ምክንያት ይቀልላል። ይህ ሳይነገር ክልከላው ብቻ ከመጣ ግን፣ ወንድምየው ቤተ ክርስቲያን ስሙን ሁለተኛ ገደለችው ቢል ማን ይፈርድበታል?

ደግሞም የከብቱ ጉዳይ አለ። ወጣቷ መበለት በጳውሎስ ቃል ላግባ ብትል፣ የሟች ወገኖች ከብታችን ይመለስ ይላሉ፤ አባቷ ደግሞ በዚያ ከብት ለልጁ ሚስት አግብቶበታል። ጦርነቱ ከብቱን በትኖታል፤ ከፊሉ ተዘርፏል፤ ከፊሉ በበሽታ አልቋል። ሻሮን ሃቺንሰን የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ገንዘብ ወደ ኑዌር ጥሎሽ ከገባ በኋላ በገንዘብ የተገዛ ከብት እንደ ጥሎሽ ከብት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ክርክር ብዙ ቤቶችን እንዳናወጠ ጽፋለች። ስለዚህ በኩሌ ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ከመካከላቸውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት፣ መበለቲቱን የሚጠይቋት ስለ ትንሣኤ ሳይሆን በአባቷ ቤት ስንት ላም እንደ ቀረ ነው፤ እርሷም ጣቷን አጥፋ ትቆጥራለች።